ሥራ ፈትና ሥራ ያጣ፤ ስለ ላሊበላ ከተማ ኑሮ

ከወልድያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ጋሸና ከምትባለው ትንሽ ከተማ ሲደርስ ፊቱን ወደ ሰሜን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ከደጋው ሜዳ እየወረደ፣ ገደሉን እየታከከ፣ አንድ ጊዜ ሸለቆ አንድ ጊዜ ጋራ እያሳየ ወደ ላስታ ያደርሰዋል። በአይሮፕላን የሚመጣውም ሹምሽሃ በተባለው ሜዳ ላይ ወርዶ የቀረውን ዳገት በመኪና ይወጣል። መንገደኛው በየትኛውም በኩል ቢመጣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቀበለዋል። ከተማይቱም በዚሁ ጋራማ አገር ውስጥ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ወገብ ላይ ተቀምጣለች። የቀድሞ ስሟ ሮሐ ነበረ፤ ዛሬ ግን በቅዱሱ ንጉሥ ስም ላሊበላ ተብላ ትጠራለች።

ስለ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ባያቸው ጊዜ፣ ያየውን ቢጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስከ መስጋት ደርሶ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ስለዚህ የቤተ መድኃኔዓለምን ዓምዶች ወይም የቤተ ጊዮርጊስን መስቀልነት እንደገና መዘርዘር ለአንባቢዎቻችን ቀባሪን እንደ ማርዳት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሕንፃዎቹ ዙሪያ የሚኖረውን ሰው ነው። ምን ይበላል? በምን ይተዳደራል? እንግዳ ሲቀርስ ምን ይሆናል?

የላስታ መሬት ተዳፋት ነው፤ አፈሩም ስስ ነው። ገበሬው ጤፉን፣ ገብሱንና ባቄላውን ከድንጋይ መካከል እየለቀመ ያመርታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ወደ ከተማይቱ ገበያ ያወጣል። ከተሜው ግን መሬት የለውም፤ እርሻው እንግዳ ነው። እንግዳ በመጣ ጊዜ አስጎብኚው ታሪክ ይተርካል፤ ባለበቅሎው ወደ አሸተን ማርያም ዳገት ያወጣል፤ ሆቴሉ አልጋ ያነጥፋል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ የሚጠብቀው ልጅ እንኳ የደብተር መግዣውን ያገኛል። መስቀል የሚቀርጸው፣ ጋቢ የሚሸምነው፣ ማር የሚሸጠውም ከዚሁ ማዕድ ተካፋይ ነው። ለሆቴል ዶሮና እንቁላል የምታቀርበዋ የገጠር እናትም ብትሆን፣ የውጭ አገር ሰው በዐይኗ ሳታይ ከእርሱ ትጠቀማለች። እንግዲህ አንድ ጎብኚ ሲቀር የሚቀረው አንድ ሰው አይደለም፤ ይህ ሁሉ ተያይዞ የቆመ ኑሮ አብሮት ይናጋል።

ይህም በቅርብ ዘመን በእውነት ደረሰ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በታወቀ ጊዜ የጎብኚው እግር ባንድ ጊዜ ተቋረጠ። በሽታው ሳይበርድ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ከተማይቱ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰና ያ ተስፋ እንደገና ተሸራረፈ። ሦስትና አራት ዓመት ያልታረሰ ማሳ ምን እንደሚመስል ገበሬ ያውቃል፤ የላሊበላም ከተሜ እርሻ ያንን ያህል ዘመን ጦም አደረ።

በጥር 2015 ዓ.ም.፣ የልደት በዓል ምእመናን ከተመለሱ በኋላ፣ ጥቂት ቀን በከተማይቱ ተቀምጬ ነበር። በበዓሉ ሰሞን መቆሚያ ያልነበረው መንገድ ጭር ብሎ፣ የሱቅ ደጃፍ ላይ የተንጠለጠለው ነጠላ አቧራ ለብሶ አየሁ። ሦስት ቋንቋ የሚናገር አንድ አስጎብኚ ከአንድ ግንበኛ ዘንድ ድንጋይ በማቀበል ላይ አገኘሁት። እጁን እያየሁ ዝም ብል ነገሩን ዐውቆ፣ «መምህር፣ የእጄስ ቁስል ይድናል። የከበደኝ፣ ሥራው የሌለ ዕለት ጧት ለብሼ ከቤት ስወጣ ልጆቼ አባባ የት ትሄዳለህ ሲሉኝ የምመልሰው ማጣቴ ነው» አለኝ። እንጀራ በመጋገር የሚተዳደሩ አንዲት አሮጊትም እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ዱቤ የሰጠኋቸው ልጆች ክፉዎች አይደሉም። አሁን ግን እኔን ላለማየት በሌላ መንገድ ይዞራሉ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ አንጀቴን በላው።»

ከእነዚህ ሁለት ቃላት የምንረዳው ነገር አለ። ሥራ ማጣት ሆድን ብቻ አያስርብም፤ ሰውን ከልጁ ፊት ያሳፍረዋል፣ ከጎረቤቱም ያሸሸዋል። እኛ ግን በአነጋገራችን «ሥራ ፈት» ስንል ሰነፉንም ሥራ ያጣውንም በአንድ ስም እንጠራለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ምግብ የከለከለው ሊሠራ ያልወደደውን ነው፤ ወድዶ ያጣውን አይደለም። ጌታችንም ስለ ወይኑ ቦታ በተናገረው ምሳሌ፣ ባለቤቱ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት በገበያ የቆሙትን አግኝቶ ስለ ምን ሥራ ፈታችሁ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ የቀጠረን ሰው የለም ብለው መለሱለት። ባለቤቱ አልዘለፋቸውም፤ ምጽዋት ሰጥቶም አላሰናበታቸውም። ወደ ሥራ አሰማራቸው፤ ሲመሽም ለቤታቸው የሚበቃ ደመወዝ ከፈላቸው። ሥራ ላጣ ሰው ስለሚደረግ ርዳታ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይገኛል?

የከተማይቱ ታሪክ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። በገድለ ላሊበላ እንደሚተረከው፣ ንጉሡ አብያተ ክርስቲያናቱን ማሳነጽ በጀመረ ጊዜ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እያንዳንዱ የሚሻውን ደመወዝ እንዲናገር አደረገ፤ ለድንጋይ ጠራቢውም አፈር ለሚያወጣውም የጠየቀውን ሳያጓድል ከፈለ። ሌሊት መላእክት አገዙ የሚለውን ትውፊት ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀን የሠራው ሰው ግን ደመወዙን በልቷል። እንግዲህ ያ ዐለት የቆመው በጸሎት ብቻ ሳይሆን በቅን ደመወዝም ጭምር ነው።

ከዚህ በመነሣት፣ ለላሊበላና ኑሯቸው በእንግዳ ላይ ለተመሠረተ መሰል ከተሞች ይጠቅማሉ የምላቸውን ጥቂት አሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛው የሕዝብ ሥራ ነው። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር አለ። ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ፣ ምንጭ እያጎለበተ፣ መንገድ እያስተካከለ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል፤ ጉልበት የሌለው ያለ ሥራ ይረዳል። በከተማ ይኸው ሥራ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር የተመረጡት ዐሥራ አንድ ከተሞች ነበሩ፤ እነርሱም በአብዛኛው ታላላቆቹ ናቸው። ነገር ግን እንግዳ የቀረበት የትንሽ ከተማ ነዋሪ ከገበሬው ይልቅ ፈጥኖ ይወድቃል፤ ጎተራ የለውምና። ስለዚህ የርዳታው ሚዛን የከተማውን ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ገቢው ባንድ ጊዜ የመድረቁን አደጋም ሊመዝን ይገባል።

የሚሠራውም ሥራ በዐይን የሚታይ ነው። የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዋና ጠላት የዝናብ ውሃ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ ላይ የተተከለው የብረት መጠለያ ዝናቡን ቢከለክልም ክብደቱ ነዋሪውን ሲያሳስበው ኖሯል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ቦታውን ጎብኝተው አገራቸው በጥገናው እንደምትረዳ ቃል ገብተዋል። ታላቁ ጥገና የባለሙያ ነው። ቦዩን መጥረግ፣ በዙሪያው ያለውን ተዳፋት በእርከን መያዝ፣ ዛፍ መትከልና ጎርፉን ከቅጽሩ ማራቅ ግን የአገሩ ልጅ ሥራ ነው። ለጥገና ከሚመጣው ገንዘብ ለጉልበትና ለሙያ የሚከፈለው አስቀድሞ ለከተማይቱ ሰዎች እንዲደርስ በውል ቢጻፍ፣ ቅርሱም ሰውም አብረው ይጠገናሉ።

ሁለተኛው የድንጋይ ሙያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን መንግሥት ርዳታ በድሬዳዋ የተጀመረው የኮብልስቶን ንጣፍ ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፍቶ፣ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ድንጋይ መጥረብንና ማንጠፍን ተምረውበታል። የዚህ ሥራ ብልሃቱ ዕቃው ከቅርብ የሚገኝ መሆኑና ከወጪው ብዙው እጅ ለሰው ጉልበት መዋሉ ነው። ድንጋይ ጠርበው ዓለምን ያስደነቁ አባቶች ባሉበት አገር ይህ ሙያ እንግዳ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ንብ ማነብ ነው። ሲወለድ ንቦች ስለ ከበቡት እናቱ ላሊበላ እንዳለችው፣ ትርጓሜውም ንብ ንግሥናውን ዐወቀለት ማለት እንደ ሆነ ትውፊት ይነግረናል። የላስታ ነጭ ማርም የታወቀ ነው። ቀፎ ሰፊ መሬት አይሻም፤ መሬት የሌለው ወጣትም ሆነ ባል የሞተባት ሴት ሊይዘው ይችላል። ከከብት ተከልሎ ቍጥቋጦው ያገገመ ጋራ ደግሞ ለንቡ አበባ፣ ለመሬቱ መከታ ይሆናል። ጎብኚ ቢቀር ማሩ አይበላሽም፤ ተጭኖ ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳል። እንግዳ እስኪመጣ የማይጠብቅ ገቢ ማለት ይህ ነው።

አራተኛው የክፉ ቀን ቋት ነው። ዮሴፍ በግብፅ ምድር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ ባያከማች ኖሮ ሰባቱ የረኃብ ዓመታት ሕዝቡን በፈጁት ነበር። ሆቴሎች፣ የአስጎብኚዎች ማኅበርና የመግቢያ ዋጋ የሚሰበስቡ ሁሉ፣ ጎብኚ በሚበዛበት ዓመት ከገቢያቸው ጥቂት እጅ በአንድ የጋራ ሒሳብ ቢያስቀምጡ፣ በክፉው ዓመት ለሕዝብ ሥራ ደመወዝ ይሆናል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለቀብር እድር፣ ለጉዳያችን ዕቁብ እንገባለን። ሞትን የተዘጋጀንለት ሕዝብ ለሥራ ማጣት የማንዘጋጅበት ምክንያት ምንድር ነው?

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ የሕዝብ ሥራ ሰውን ርዳታ ጠባቂ ያደርጋል የሚል ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሥራው ልክ ያለው፣ ደመወዙም በግል ሥራ ከሚገኘው በጥቂት የሚያንስ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ የግል ሥራ በተገኘ ጊዜ ሰው ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። በመኸር ሰሞንም ሥራው ቢቆም የገበሬው ሠራተኛ አይጎድልም። ሁለተኛው ከዚህ የበረታ ነው፤ ይኸውም ዝርዝሩ በዘመድ ይሞላል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይህ የማይፈራበት ቦታ የለም። ስለሆነም የተቸገረውን እድሮች ይምረጡ፤ ስሙም በአደባባይ ይነበብ፤ የቀረ ቢኖር በሕዝብ ፊት ይናገር። ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ ያውቃል፤ በአደባባይ የተነበበ ስም ደግሞ በድብቅ አይለወጥም።

የመጨረሻው አሳብ እኛን አንባቢዎችን ይመለከታል። የውጭው ጎብኚ በሽታ ወይም የጦርነት ወሬ ሲሰማ ይቀራል፤ ብንወቅሰውም አይገባም። የአገር ውስጥ ምእመን ግን መንገዱ ባስቻለው ጊዜ ሁሉ ለልደት ወደ ላሊበላ ይወጣል። በነፍስ ወከፍ የሚያወጣው ትንሽ ነው፤ ብዛቱ ግን ታላቅ ነው። ታዲያ ለበዓል የምትሄዱ ቤተ ሰቦች፣ ስንቃችሁን ሁሉ ከቤት አትሸከሙ፤ ጥቂቱን ከከተማይቱ እናቶች ግዙ። ልጆቻችሁን አስጎብኚ ቅጠሩላቸው፤ የአባቶቻቸውን ታሪክ ከሚያውቅ ሰው ይማሩ፤ እርሱም የድካሙን ያግኝ። መስቀሉንና ነጠላውን ስትገዙም ለባለ እጁ የድካሙን ዋጋ ክፈሉ እንጂ ችግሩን አይታችሁ ዋጋ አታርክሱበት። በገበያ ቆሞ የሚቀጥረው ያጣውን ሰው ለመቅጠር ባለ ብዙ ወይን መሆን ግድ አይደለም፤ ለአንድ ሰዓት ሥራ የሚከፍለው ያለው ሁሉ ይችላል።