በሚቺጋን ሐይቅ ዳር ያለው የትንንሽ ሞተሮች አገር

ከሺካጎ ከተማ ተነሥቶ የሚቺጋንን ሐይቅ በስተ ቀኙ እያደረገ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ ብዙ ሳይርቅ ዊስኮንሲን ከተባለው የአሜሪካ ግዛት ይገባል። አገሩ ሰፊ መስክና ዝቅተኛ ጉብታ የበዛበት፣ ላሞች የሚሰማሩበት፣ የወተትና የአይብ አገር ነው። ሐይቁም ከስፋቱ የተነሣ ማዶው የማይታይ ስለ ሆነ፣ ጣናን ያየ ሰው እንኳ ባሕር ነው ሊለው ይችላል። ዳሩ ግን ዊስኮንሲን ከወተቷ በተጨማሪ በሌላ ሙያ ትታወቃለች፤ ይኸውም ሣር የሚያጭዱትን፣ ውሃ የሚስቡትን፣ የጓሮ መሬት የሚያርሱትን ትንንሽ ሞተሮች በመሥራት ነው። በዚህ ጽሑፍ አንባብያንን በአራት ከተሞች እያዞርን፣ የነዚህን ሞተሮች ታሪክና በየቤቱ ያላቸውን አያያዝ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በነዚህ ከተሞች ቅዳሜ ጥዋት የሚሰማው ድምፅ ከሌላው ቀን የተለየ ነው። ጠሉ ከሣሩ ላይ እንደ ደረቀ፣ በመጀመሪያ ከአንዱ ግቢ፣ ቀጥሎም ከጎረቤቱ፣ ሞተር ሲያስል፣ ሲጠፋ፣ ደግሞም ሲነሣ ይሰማል። የጋራዡ በር ወደ ላይ ይከፈታል፤ አሮጌ ልብስ የለበሰ አባወራም ዘይትና ጨርቅ ይዞ ብቅ ይላል። በእኛ አገር ቀዳሚት ሰንበት በሬ ከቀንበር የሚፈታባት ቀን ናት፤ በዚያ አገር ግን ቅዳሜ ሠራተኛው ከአሠሪው ተፈትቶ ለገዛ ቤቱ የሚሠራባት ቀን ሆናለች። ይህም ልማድ ከጥንት የነበረ አይደለም። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የሥራ ሕግ የሳምንቱን መደበኛ የሥራ ጊዜ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ በ1940 ወደ 40 ሰዓት አወረደው፤ ከዚያ በላይ የሚያሠራ አሠሪም ተጨማሪ እንዲከፍል አስገደደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ከዘመቻ ከተመለሱት ወታደሮች ብዙዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው፣ ሣር በለበሰ ግቢ ውስጥ ቤት ይዘው ተቀመጡ። ነጻ የሆነ ቅዳሜና ሰፊ የሣር ግቢ በተገናኙ ጊዜ የጓሮ ትራክተር ገበያ አገኘ።

የጓሮ ትራክተር ማለት በእርሻ ላይ የምናየው ትልቁ ትራክተር በትንሹ ተሠርቶ ነው። በጸደይ ማረሻ ተገጥሞለት የአትክልቱን መደብ ይገለብጣል፤ በበጋ ሣር ያጭዳል፤ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ጋሪ ይጎትታል፤ ብርዱ ሲገባም የበረዶ መጥረጊያ ይታሰርለታል። የቀደሙት ሁለት ጎማ ብቻ ያላቸው፣ ሰው ከኋላ እየተራመደ እጀታቸውን ይዞ የሚነዳቸው ነበሩ። ይህን ዕቃ ያስገኙት ሰዎች ሁሉ በትምህርት ቤት የተመረቁ መሐንዲሶች አልነበሩም። በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ቤንጃሚን ግሬቭሊ የተባለ ሰው ለሞተር ማረሻው በ1916 የፈጠራ መብት ሲያገኝ፣ መተዳደሪያው ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። በኢንዲያና ግዛት በሳውዝ ቤንድ ከተማ ደግሞ ኤልመር ፖንድና ልጁ ሴሲል በ1946 በጋራዥ ውስጥ የጀመሩት ሥራ፣ ኋላ ዊል ሆርስ የሚባለውን ስመ ጥር የጓሮ ትራክተር ወለደ።

አሁን ጉዞአችንን ከሚልዋኪ እንጀምር። ይህች በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ታላቅ ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ከጀርመን አገር የመጡ ብዙ ሰዎች የሰፈሩባት፣ የብረት ሥራ የለመደች ከተማ ናት። ስቲቨን ብሪግስና ሃሮልድ ስትራተን በ1908 ሽርክና የገቡት በዚህች ከተማ ነው። በ1953 ድርጅታቸው ከቀለጠ አሉሚንየም በቅርጽ የወጣ ሞተር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ቀድሞ በክብደቱ ያስቸግር የነበረው ሞተር ከሣር ማጨጃ ላይ በቀላሉ የሚቀመጥ ሆነ።

በሣር ማጨጃ ሞተር ውስጥ ቮላኖውን ከዋናው ዘንግ ጋር የምታያይዝ አንዲት ትንሽ ሽብልቅ አለች። ዘንጉ ከጽኑ ብረት ሲሠራ፣ እርስዋ ሆን ተብሎ ከለስላሳ አሉሚንየም ትሠራለች፤ ምክንያቱም ስለቱ ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ጊዜ ከውዱ ዘንግ በፊት እርስዋ እንድትቆረጥ ነው። ሽብልቂቱ ስትቆረጥ እሳቱ የሚወጣበት ጊዜ ስለሚዛነፍ ሞተሩ አልነሣም ይላል። የማያውቅ ቤተሰብ ሞተሩ ሞቷል ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል፤ የሚያውቅ ግን ዋጋዋ ኢምንት የሆነችውን ዕቃ ለውጦ ከቀትር በፊት ሣሩን አጭዶ ይጨርሳል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ አይደለም፤ የማወቅ ነው። የብሪግስና ስትራተን ድርጅት ራሱ በ2020 ዕዳ ከብዶት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ከገባ በኋላ ወደ ሌላ ባለንብረት ተላልፏል።

ከሚልዋኪ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ስንሄድ ፖርት ዋሽንግተንን እናገኛለን። ኮረብታው ላይ የቆመው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንብ ከሩቅ ይታያል፤ ከግርጌውም ወደቡና የመብራት ማማው አሉ። ይህች ትንሽ ከተማ የሁለት የጓሮ ትራክተር ድርጅቶች እናት ነበረች፤ አንዱ ቦለንስ፣ ሁለተኛው ሲምፕሊሲቲ ይባላሉ። ሲምፕሊሲቲ በ1922 ሲቋቋም የመጀመሪያ ሥራው ትራክተር አልነበረም፤ ያረጀ የመኪና ሞተር እንዲታደስ የተበላውን ሲሊንደር እየፋቀ የሚያስተካክል መሣሪያ ነበር። እንግዲህ ድርጅቱ የተወለደው ከጥገና ሙያ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቦለንስ ቀደም ብሎ ከከተማይቱ ወጣ፤ ሲምፕሊሲቲም በ2004 በሚልዋኪው የሞተር ድርጅት ከተገዛ በኋላ፣ በ2008 የፖርት ዋሽንግተኑ ፋብሪካ እንዲዘጋ ተወሰነ።

ፋብሪካው ቢዘጋም ሥራው ያልቆመ መሆኑን ያየነው ከኮረብታው በስተ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ከ12 ዓመት የማትበልጥ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አቁመው፣ ባለ ሁለት ጎማ አሮጌ ሲምፕሊሲቲ ከፊታቸው አድርገው ነበር። ሞተሩ አልነሣ ብሏል። ሽማግሌው ግን ሁለት እጃቸውን በኪሳቸው ከተው ቆመዋል፤ ካቻቢቴው ያለው በልጅቱ እጅ ነው። ምን እንደሚያደርጉ ብንጠይቃቸው፣ ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ መሆኑን ነገሩን፤ እነርሱም እሳት፣ ቤንዚንና እመቃ ናቸው። ከሦስቱ የጎደለውን በተራ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚነካካ ግን ደህናውንም ያበላሻል።

ልጅቱ በመጀመሪያ ገመዱን ቀስ ብላ ሳበች፤ ገመዱ እጅዋን መልሶ ስለ ጎተተ እመቃው ደህና መሆኑ ታወቀ። ቀጥላም ካንዴላውን ፈትታ ተመለከተች፤ ጫፉ በቤንዚን ርሷል፤ እንግዲያስ ካርቡራተሩ ሥራውን ሠርቷል። የቀረው እሳቱ ነው። የዚህ ሞተር እሳት ከባትሪ የሚመጣ አይደለም፤ በቮላኖው ላይ የተተከለው ማግኔት በቦቢናው አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ፑንቲና የምትባለው ትንሽ በር በትክክለኛው ሰዓት ስትከፈት እሳቱ ወደ ካንዴላው ይዘላል። ቮላኖው በተነሣ ጊዜ ፑንቲናዋ በዝገት ጠቁራ ተገኘች። ልጅቱ ጠርጋ፣ በመካከሏ ያለውን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ግማሽ ሚሊሜትር አድርጋ ሁሉን ወደ ቦታው መለሰችው። በሦስተኛው ስበት ሞተሩ ተነሣ። ሽማግሌው ከከተማይቱ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ መሆናቸውን ያወቅነው ከዚህ በኋላ ነው። በአምስት ደቂቃ ሊያደርጉት ይችሉ የነበረውን ሥራ ሁለት ሰዓት ቆመው ማየታቸው፣ የሥራውን ዋጋ በመናቅ ሳይሆን እጅግ በማክበር ነበር።

ከፖርት ዋሽንግተን ወደ ሰሜን ስንቀጥል ኮህለር የተባለችውን ንጹሕ መንደር እናገኛለን። ስሙን የሰጣት የኦስትሪያ ተወላጁ የጆን ማይክል ኮህለር ቤተሰብ ነው። እርሱ በ1873 የብረት ሥራ ጀምሮ፣ በ1883 የከብት ማጠጫ ገንዳ በኤናሜል ለብጦ ለሰው መታጠቢያ እንዲሆን አደረገ፤ ከዚያም ወዲህ የድርጅቱ ስም በመታጠቢያ ዕቃ ታወቀ። በ1920 ደግሞ መብራት ላልደረሳቸው ገበሬዎች የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሥራት ስለ ጀመረ ወደ ሞተር ሙያ ገባ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1960 መሥራት የጀመረው ካብ ካዴት የተባለው የጓሮ ትራክተር፣ የተጫነበት 7 የፈረስ ጕልበት ያለው የኮህለር ሞተር ነው። ገላው ወፍራም ብረት ስለ ሆነ፣ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ሲሊንደሩ ሲበላ፣ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ተፍቆ ይሰፋና በዚያው ልክ የተሠራ ፒስቶን ይገባለታል። ስለዚህም ነው ከ60 ዓመት በፊት የተሠሩ ሞተሮች ዛሬም ሲሠሩ የሚታዩት። የሠሪዎቻቸው አሳብ፣ ዕቃው ማርጀቱ አይቀርምና የሚታደስበት መንገድ ከመጀመሪያው ይዘጋጅለት የሚል ነበር።

የመጨረሻው ማረፊያችን ከሐይቁ ወደ ምዕራብ ራቅ ብላ ያለችው ሆሪኮን ናት። በአጠገቧ ሰፊ ረግረግ አለ፤ መስከረምና ጥቅምት ሲገቡ ከሰሜን የሚፈልሱ የካናዳ ዝይዎች በብዙ ሺህ ሆነው ይሰፍሩበታል። ጆን ዲር የተባለው ታላቅ የእርሻ መሣሪያ ድርጅት የመጀመሪያውን የጓሮ ትራክተር፣ ቁጥር 110 የተባለውን፣ በ1963 ያወጣው በሆሪኮን ነው። በ1969ም ለእመቤቶች ዓይን ደስ ይላል ተብሎ ይሁን አይሁን፣ የሞተሩ ክዳንና መቀመጫው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም ብርቱካንማ የሆነ ትራክተር አቅርቦ ነበር።

ዛሬ ግን የቀለም ነገር ቀርቶ ከባድ ክርክር ተነሥቷል። በአዲሶቹ ትልልቅ የእርሻ መኪናዎች ውስጥ ኮምፒዩተር ስለ ገባ፣ ባለቤቱ ብልሽቱን ለማወቅ እንኳ የድርጅቱን ልዩ መሣሪያ የሚሻበት ጊዜ መጣ። የኮሎራዶ ግዛት በ2023 ገበሬ የራሱን መኪና እንዲጠግን የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ በጥር ወር 2025ም የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ከሁለት ግዛቶች ጋር ሆኖ በዚህ በጥገና ጉዳይ ጆን ዲርን ከሰሰ። ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። የእኛ ገበሬ ሞፈሩ ቢሰበር እንጨት ቆርጦ፣ ጠርቦ በማግሥቱ ያርሳል፤ ማረሻው ቢዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ይወስዳል እንጂ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከፍቶ ማየት የማይቻል ዕቃ የገዛ ሰው፣ ዕቃው በእጁ ቢሆንም ጌትነቱ በሌላ እጅ ነው። አሮጌውን የጓሮ ትራክተር የሚወዱት ሰዎች ፍቅራቸው የብረት ብቻ አይደለም፤ የገዛ ንብረታቸውን የማዘዝ ነገር ነው።

ከነዚህ ሞተሮች ጋር ለሚውል ቤተሰብ መዘንጋት የማይገባውን እንናገር። በውጭ አገር የሣር ግቢ ያለው ቤት ይዘው የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ቢያስተውሉ ይጠቀማሉ። ስለቱን ከመንካት በፊት የካንዴላውን ሽቦ መንቀል ያስፈልጋል፤ የጠፋ ሞተር በእጅ ሲዞር ሊነሣ ይችላልና። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይጨመርም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር ማስነሣት ለሞት የሚያደርስ ነው፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው ያው ሽታ የሌለው መርዝ ነው። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ቤንዚኑን ከሰርባትዮው ማፍሰስ ይገባል፤ በተለይ አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ውሃ እየሳበ ካርቡራተሩን ያዝጋል፤ በሚያዝያ አልነሣም የሚለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የታመመው በኅዳር ነው።

በአንዳንድ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ዘይት የተለወጠበት ቀን በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል፤ የአንዱ ዓመት ከሌላው በታች ይሰለፋል፤ አባት የጀመረውን ልጅ ይቀጥለዋል። ይህ ልማድ ወፍጮ፣ የውሃ መሳቢያ፣ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ላለው ለማናቸውም ቤት ይጠቅማል። ፋብሪካ ይዘጋል፤ ድርጅትም ይሸጣል፤ ሙያው ግን በእጅ ካልተላለፈ በቀር መቀመጫ የለውም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በቤታችሁ አንድ ዕቃ ሲበላሽ ልጃችሁን ጠርታችሁ ካቻቢቴውን ስጡት፤ ቀኑንም በገዛ እጁ ይጻፈው።