ለሚረሱ ሰዎች ስለሚታየው ጫካ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሽማግሌ ሲዘነጋ አይተህ ስቀህ እንደ ሆነ አልቈጣህም። ነገር ግን ዝንጋታና የመርሳት በሽታ አንድ አይደሉም። ዝንጋታ ቍልፍን ያስቀመጡበትን ቦታ መርሳት ነው፤ በሽታው ግን ቍልፉ ለምን እንደሚያገለግል ጭምር ያስረሳል። እስካሁንም ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘም።

በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው እንዳይጠፋ ስለሚፈራለት፥ ሜዳና ወንዝ ሳያይ ዓመታት ያልፉበታል። በእንግሊዝ አገር የኬንት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይህን አስበው፥ በኖርዝሃምፕተን ሆስፒታል ከሚኖሩ 8 ሕሙማን ጋር አንድ ሙከራ አደረጉ። ዕድሜያቸው ከ41 እስከ 88 ዓመት ነበር። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተባለውን መሣሪያ እንደ መነጽር በዐይናቸው ላይ አደረጉላቸው። ራስን ባዞሩ ቍጥር ሥዕሉም አብሮ ስለሚዞር፥ ሰው በስፍራው የቆመ ይመስለዋል። ጫካ፥ ገጠር፥ የባሕር ዳርቻና ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሳዩአቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ አንዱ ሕመምተኛ ድልድይ ባየ ጊዜ የቀድሞ ጉዞውን አስታወሰ፤ ሌላው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ የባሕር ዳርቻ ሣለ። ስምንት ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህን ይዞ «መድኃኒት ተገኘ» ማለት አይገባም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ያስተማሩኝ ሚስዮናውያን ሐሰትን አጥብቀው ይከለክሉን ነበር፤ እኔም ተማሪዎቼን ይህንኑ አስተማርሁ። የሌለ ጫካ መሆኑን ለማይለይ ሰው ጫካ ማሳየት ማታለል አይደለምን?

ታላቅ እኅቴ በዚሁ ደዌ ከተያዘች አምስት ዓመት ሆኗታል። ልጅዋ መሣሪያውን አምጥቶ የፈረንጅ አገር ጫካ አሳያት። ረዣዥሞቹን ጥዶች ቀና ብላ ተመለከተችና፥ «ይህ የማን ደብር ነው?» አለች። በልጅነታችን በቡልጋ ያን ያህል ዛፍ የምናየው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ብቻ ነበርና። ልጅዋ እንዲያው ደስ እንዲላት «ጊዮርጊስ ነው» ሊል አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝሁት።

«እትዬ፥ እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አልኋት።

«ማርያም ናት እንጂ» አለች። ቀጥላም፥ እኔ ሳልወለድ በሕፃንነቱ የሞተውን ወንድማችንን ከዚያ ጥድ ሥር እንደ ቀበሩት ነገረችኝ። እናታችን ስለ እርሱ አንድም ቀን አልነገረችኝም ነበር። ስሙን ያን ዕለት ሰማሁት፤ ጻፍሁትም።

መሣሪያው አልዋሸም፤ ሊዋሽ የነበረው መልሳችን ነው።

ጥቂት ቈይታ፥ «ቅጠሉ ይነቃነቃል፤ ነፋሱ ግን የት አለ?» ብላ መነጽሩን ገፋችው። ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ ግቢው አወጣናት።