የወረቀት ሲራራ

ልጅ ሳለን ዕቃ ዕቃ ያልተጫወትን የለንም። ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ ቆርኪው ሲኒ ይሆናል። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ታናሹ ደግሞ ቢወድም ባይወድም ሕፃን ነው። እንቆቅልሽ ስንባባልም መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ጎጃምን ወይም ሐረርን አንሥቶ ይሰጣል። አንድ ጥማድ መሬት ሳይኖረን ስንት አገር ሰጥተናል፣ ስንት አገር ተቀብለናል! ከዚያ ጢም ሲያቀመቅመን ጨዋታ ነውር ይሆንና እንተወዋለን። እኛ ግን አምስት የዶርም ጓደኛሞች ዘንድሮ ዕቃ ዕቃን በወረቀት ጀምረነዋል። ጎረቤት ዶርሞች «እነዚህ ልጆች ምን ነክቷቸው ነው በሌሊት የሚጯጯኹት?» እያሉ ስለሚያሙን ነገሩን ራሳችን ብንናገር ይሻላል ብለናል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ዳኛ ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ የሚያጋጥመውን ሰውና አውሬ የሚናገር እሱ ነው። የቀሩት አራት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥራሉ። ሰውየው በደብተር ቅጠል ላይ ይሣላል፤ ከሥዕሉ ሥር አራት ነገር ይጻፋል፦ ጉልበት፣ ብልሃት፣ ምላስና ጽናት። ለአራቱ የሚከፋፈለው በጠቅላላው 20 ነጥብ ነው፤ ጉልበት ያበዛ ምላስ ያንሰዋል፤ ሁሉን የታደለ የለም፣ እንደ ዓለሙ ማለት ነው። ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አሉ። አዝማሪያችን ምላሷ 7 ነው እንበል። ኬላ ጠባቂውን በግጥም አባብላ ልታልፍ ስትል ዳኛው «15 ይሙላ» ይላል። ብጣሹ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣላት አለፈች፤ ከ20ው ብጣሽ 13ቱ ያሳልፏታል። ሰባቱ ደግሞ አያሳልፏትም፤ ስለዚህ ብርጭቆው በተነቀነቀ ቁጥር ትንፋሻችን ቀጥ ይላል።

በዳኛው ቃል ቅር ያለው ሰው አቤት ማለት ይችላል። እንዳያቶቻችን «በልሃ!» «ልበልሃ!» ይባላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በፎጣ ጫፍና ጫፍ ተቆራኝተው ይሟገታሉ። ፎጣው ንጹሕ ነው ብለን አንምልም።

ዘዴው ከእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1974፣ ማለት በአገራችን አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም.፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። የመጀመሪያው እትም አንድ ሺህ ሣጥን ነበር፤ በየሣጥኑ ሦስት ትንንሽ ጥራዞች ነበሩ፤ የተሰናዳውም በጋይጋክስ ቤት በእጅ ነው። ዛሬ በዓለም የናኘው ነገር ሲጀምር ከዚች ከእኛ የስቴንስል መጽሔት ብዙም አይበልጥም ነበር ማለት ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1826፣ በእንግሊዝ አገር አንድ ቄስ ለልጁ 12 የእንጨት ወታደሮች ይዞለት ገባ። ልጆቹ፣ ሻርሎት፣ ብራንዌል፣ ኤሚሊና አን ብሮንቴ፣ ለወታደሮቹ ስም አወጡ፣ አገር አቀኑላቸው፣ ከመዳፍ በሚያንሱ መጻሕፍት ታሪካቸውን ጻፉ። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ ሻርሎት «ጄን ኤር»ን፣ ኤሚሊ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን አሳተሙ። ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው የሚለን ካለ ይህን እንመልስለታለን።

ፈረንጆቹ ዘንዶ ይወዳሉ። ዘንዶስ እኛም አላጣንም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ የሚረግጠው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አለ። እኛ ግን የመረጥነው ጨው ነው። ከአፋር በረሃ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይወደዳል። እንግዲህ ሲራራ ነጋዴዎች ሆንን። ዘመኑ ክፉ ቀን ነው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም በታሪክ ክፍል ተምረነዋል። ተምረነዋል ማለት ዓመተ ምሕረቱን ለፈተና ይዘነዋል ማለት ነው።

ሥዕሉን የሚሥልልን ከአምስታችን አንዱ ነው፤ የወታደሩም ተጫዋች እሱ ነው። አሣሣሉ እንደ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ነው፦ ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። የጨው ነጋዴዋ እመት ዘርፌ፣ አዝማሪዋ፣ ከጌታው የኮበለለው ወታደርና ደብተራው፣ አራቱም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ሽፍታና ኬላ ጠባቂ ባለ አንድ ዓይን ነው። በዚህ ያኮረፈ እስካሁን አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ሲራራው በዋግ ደጋ አንዲት መንደር ደረሰ። መንደሯ ውስጥ የሚጮኽ ከብት የለም። ያለን እህል ሦስት አቁማዳ ገብስ ነው። አንዲት እናት ከነልጆቿ ወጥታ ለመነችን። መከርን፤ ሲነጋ አንዱን አቁማዳ ለራሳችን አስቀርተን ሁለቱን ለመንደሯ ልንሰጥ ተስማማን። የደብተራው ተጫዋች ግን ለዳኛው በቁራጭ ወረቀት አንድ ነገር ጽፎ አቀበለ። ዳኛው አነበበና «18 ይሙላ» አለ። ብጣሹ 14 ወጣ፤ ብልሃቱ 8 ነው፤ ሞላ፣ ተረፈም። ሲነጋ ዳኛው «አቁማዳው ሁለት ነው» አለን። አዝማሪዋ ፍለጋ ገባች፤ 19 ወጣላት፤ ሦስተኛው አቁማዳ ከደብተራው ማኅደር ሥር ተሸጉጦ ተገኘ።

ሠዓሊያችን ሳይናገር ላጲስ አነሣ። «ከዛሬ ጀምሮ ይኸ ሰው በጎን ነው የሚሣለው» አለ። የደብተራው ተጫዋች «በልሃ!» ብሎ ተነሣ። «ልበልሃ!» አለ ሠዓሊው። ፎጣው ተቆራኘ፤ ሳቅን።

«የኔ ሰው ክፉ አይደለም፤ ፈርቷል እንጂ» ሲል ጀመረ። «ረሃብ የፈራን ሰው ሁሉ በአንድ ዓይን ከሣልክ አገር ሙሉ አንድ ዓይና ነው።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «አያቴ በ77ቱ ረሃብ ወሎ ነበረች። የወንድሟ ልጆች እቤቷ ተጠግተው ነበር። አንድ ቁና እህል ከነሱ ደብቃ ሌሊት ሌሊት እየቆላች ለአባቴ ታቀምሰው ነበር። አባቴ ተረፈ። እኔ የዚያ እህል ፍሬ ነኝ። እስቲ አያቴን በጎን ሣላት!»

ሳቁ ቆመ። መብራት እንኳ የጠፋ መሰለን። ሠዓሊው ፎጣውን እንደ ያዘ ብዙ ቆየና እንዲህ አለ፦ «አያትህን አልሥልም፤ እጄም አይታዘዘኝ። ግን ያ እህል ያልደረሳቸው ልጆች የልጅ ልጅ የላቸውም። እዚህ ዶርም መጥቶ የሚሟገትላቸው ማን ነው? የነሱ ጠበቃ ይኸው እርሳስ ነው።»

ዳኛው ፍርዱን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠረ። ያን ሳምንት ካፌ ተሰልፈን፣ ላይብረሪ ተቀምጠን፣ ወሬያችን ሁሉ ደብተራው ሆነ። ከእኛ ውስጥ በዳኛው ወንበር መቀመጥ የቀናው አልነበረም። ቅዳሜ ሲደርስ ፍርዱ ተነበበ፦ ሁለቱ አቁማዳ እንደ ቃላችን ለመንደሯ ይሰጥ፤ ሦስተኛውን ደብተራው በጀርባው ተሸክሞ ከሲራራው ኋላ ይሂድ፣ ሌሎቹ እኩል ሲበሉ እሱ መጨረሻ ይብላ፤ ሥዕሉ ሁለት ዓይኑን ይዞ ይቆይ፤ ነገር ግን አቁማዳው ከጎኑ ይሣልበት፣ አይፋቅም። ሠዓሊው ይግባኝ ብሏል። ይግባኙን የሚሰማ ላዕላይ ዳኛ ስለሌለን ክርክሩ እንዳለ ነው።

መጽሐፍ ስናነብ ባለታሪኩ አንድ ጊዜ ወስኗል፤ እኛ የሚቀረን «አበጀ» ወይም «አላበጀም» ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ ግን አቁማዳው በእጃችን ነው፤ ብርጭቆው ሳይነቀነቅ በፊት ገና ምንም አልሆነም። የክፉ ቀንን ዓመተ ምሕረት ከእንግዲህ የምንረሳው አይመስለንም። ከዚህም ሌላ ሦስት ዓመት አንድ ዶርም አብረን ስንተኛ የማናውቀውን የአንድ ጓደኛችንን ቤት አወቅን፤ ያወቅነውም እሱ ስለ ራሱ ሊያወራ ተነሥቶ አይደለም፣ ለወረቀት ሰው ጥብቅና ቆሞ ነው እንጂ። ሰው ለራሱ ሲሆን ያፍራል፤ ለሌላ ሲሆን አፉ ይፈታል።

ጨዋታው የሚጠይቀው ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ ብርጭቆና የሚያዳምጥ ሰው ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይወደዳል። ሲራራው ገና ሰቆጣ አልደረሰም፤ እኛም ስድስተኛ ሰው እንፈልጋለን። ያቺ የዋግ እናት እስካሁን በዳኛው አንደበት ብቻ ነበር የምትናገረው፤ አሁን የራሷ ተጫዋች ይገባታል ብለን ተስማምተናል። ሥዕሏ አልቋል፤ ሁለት ዓይን አላት። ጉልበቷ 2፣ ጽናቷ 10 ነው። የቀረውን 8 ነጥብ የሚጫወታት ሰው ራሱ ይከፋፍለው።