የእህቴ ፊዚክስና የቤታችን ሂሳብ

ታናሽ እህቴ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳ የትምህርት ክፍል የመምረጫ ጊዜ ሲደርስ፣ አንደኛ ምርጫዋ ፊዚክስ እንደሆነ ነገረችን። ቤቱ ጸጥ አለ። ጡረታ ከወጣ የቆየው አባታችን፣ “ኢንጂነሪንግ የሚያስገባ ውጤት ይዘሽ ፊዚክስ? ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?” አላት። እኛ አገር ፊዚክስ ተመድበው የሚገቡበት እንጂ ወደው የሚመርጡት ትምህርት አይመስልም።

እኔ ቢዝነስ ተምሬ በማርኬቲንግ የምሠራ ሰው ነኝና ወደ ክርክሩ የገባሁት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው። መጀመሪያ ዕዳውን ጻፍኩ። የወጪ መጋራት በአገራችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ የተወሰነ ድርሻ፣ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። ክፍያው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው።

የራሴን ላስታውሳችሁ። በ2007 ዓ.ም. ስመረቅ ዕዳዬ 16,800 ብር፣ የመጀመሪያ ደሞዜ 3,500 ብር ነበር። በወር 350 ብር ሲቆረጥ አራት ዓመት ይፈጃል ማለት ነው፤ ደሞዜ ሲያድግ ግን ተቆራጩም አብሮ አደገና ቀድሜ ጨረስኩ። ትንሽ የሚያገኝ ትንሽ ስለሚቆረጥበት ዕዳው ራሱ ሰው አይጥልም። እንዲያውም ፊዚክስ አራት ዓመት፣ ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ነው። የአንድ ዓመት ዕዳ ይቀንሳል፤ ሥራ ፍለጋውም በአንድ ዓመት ይቀድማል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ገቢው ላይ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ፊዚክስ የተመረቀ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የመምህርነት ሥራ ነው። መምህር የወጪ መጋራቱን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት የሚከፍልበት አሠራር አለ፤ የቤት ኪራይ ግን በአገልግሎት አይከፈልም። ሌሎች በሮችም አሉ፦ በካንሰር ሕክምና የጨረሩን መጠን የሚያሰላው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ የአየር ጠባይ ትንበያ፣ እንጦጦ ላይ ያለው የጠፈር ምልከታ ማዕከል። የእነዚህ በሮች ቁልፍ ግን በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ስለዚህ ዳጎስ ያለው ደሞዝ ቢመጣም ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ዕዳው የሚያንቀውም እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ለብዙዎች የውጭ ስኮላርሺፕ ማለት ነው፤ ስኮላርሺፕ ደግሞ ትራንስክሪፕትና ኦሪጅናል ዲግሪ ይጠይቃል። ቴምፖው በምረቃ ቀን እጅ ላይ ቢገባም፣ ኦሪጅናሉ ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪቀርብ ይቆያል። በወር በወር ሲቆረጥ የማይሰማው ገንዘብ፣ ስኮላርሺፕ በተገኘበት ሳምንት በአንድ ጊዜ ሲፈለግ ተራራ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ እናቴ ቀስ ብላ፣ “እኔ እኮ እሷ ስትመረቅ የትንሹን ትምህርት ቤት ክፍያ ትይዝልናለች ብዬ ነበር” አለች። ትልቁ ዕዳ ይሄ ነበር፤ ማንም አልፈረመበትም፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። እህቴ ገና ሥራ ሳትይዝ የመጀመሪያ ደሞዟ በቤታችን በጀት ውስጥ ገብቶ ነበር። በብዙ ቤት ልጅ የሚወደውን ትምህርት የሚተወው የመንግሥትን ዕዳ ፈርቶ ሳይሆን ይህንን አስቦ ይመስለኛል። ይህ ዕዳ ሳይነሳ “ፊዚክስ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?” ብሎ መከራከር ግማሹን ሂሳብ ብቻ መሥራት ነው።

ተነጋገርን። የትንሹን ወንድማችንን የትምህርት ቤት ክፍያ እህቴ ከተመረቀች በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት እኔ እንድይዝ ተስማማን። እሷም በበኩሏ ፊዚክሱን ብቻ ይዛ እንዳትወጣ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ በደንብ ልትማር ቃል ገባች። ላቦራቶሪ ባይቀጥራት ባንክ ወይም ቴሌኮም መረጃ የሚተነትንለት ሰው ይፈልጋል። አባታችን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም፤ “እስቲ እናያለን” ብሏል። ለአባታችን ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ለወጪ መጋራቱ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን ዕቁብ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ዕጣ በስሟ ገብቻለሁ። ሲደርሰን ባንክ ይቀመጥና፣ ስትመረቅ ዕዳው በአንድ ጊዜ ተከፍሎ ኦሪጅናሏን ትቀበላለች። ቅጹን ባለፈው ሰኞ ሞልታለች፤ በአንደኛው መስመር ላይ ፊዚክስ ይላል።