ጣናን ያላየው ዓሳ

ሐኪሙ እናቴን «ቅቤና ሥጋ ይቀንሱ» ያሏት ባለፈው ዓመት ከፋሲካ ማግስት ነበር። ከሆስፒታል ወጥታ መኪና ውስጥ እስክትገባ ምንም አልተናገረችም። በሩን ዘግታ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ግን «እንግዲህ ለእኔ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ሆነ» አለች።

እማዬ የቤታችንን ዶሮ ወጥ ለአርባ ዓመት ያህል የሠራች ሴት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዓል ሲመጣ ወጡን ትሠራለች፤ ለእኛ ታቀርባለች፤ እሷ ግን ጓዳ ገብታ ሽሮዋን ብቻዋን ትበላለች። «አብረሽን ብዪ» ስንላት «ሽታው ይበቃኛል» ትላለች። እኔን የከበደኝ የሐኪሙ ትእዛዝ ሳይሆን ይህች ጓዳ መግባቷ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ መላ አላጣሁም። የጾም በርገር፣ የጾም ክትፎ፣ የጾም ፒዛ አስቀመስኳት። ሁለት ጊዜ ጎርሳ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ልጅ ማታለያ ነው» አለችኝና አስቀመጠችው። ዘንድሮ በሁዳዴ ታላቅ እህቷን ለመጠየቅ ጎንደር ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ።

አክስቴን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ብዙም አይርቅም። በማግስቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ ዳባት ያሉ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ በጠዋት ተነሣን። ከጎንደር ወደ ሰሜን ሲወጡ ወለቃን ያልፋሉ፤ ኮሶዬ ሲደርሱ መሬቱ ድንገት ገደል ይሆናል፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ጋቢ ያስመኛል። ወቅቱ በጋ በመሆኑ የወገራ ማሳ አዝመራው ተሰብስቦ ራቁቱን ነበር። የዚህ ደጋ ሀብት ገብስና ባቄላ ነው።

ዳባት እንደደረስን ማንም እህል አላቀረበልንም፤ ቅዳሴው እስኪወጣ ዘጠኝ ሰዓት ይጠበቃል። ከዘጠኝ በኋላ እንጀራ በስልጆ ቀረበ። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውኃ ጋር በእሳት ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት ይቦካል። ውጤቱ እርጎ የመሰለ ነጭ፣ ኮምጠጥ ያለና አፍንጫ የሚሰረስር ነው። እማዬ ዝም ብላ በላች። ከዚያ «እናቴ ስትሠራው አውቃለሁ፤ አዲስ አበባ ከገባሁ ግን ረስቼዋለሁ» አለች።

ቅዳሜ ዕለት ከእትዬ ጋር ገበያ ወረድን። ከወገራ የመጣ ባቄላ፣ ከደምቢያ የመጣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ኑግና ተልባ በየጆንያው ተደርድሯል። የደምቢያ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ጥቁሩ የዋልካ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋል። እትዬ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበር አድርገው «ይኼ ይሆናል» አሉ። «ለምኑ?» አልኳቸው። «ለዓሳው!»

ቪጋን የሚለው ቃል በእንግሊዝ አገር የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። በ44ቱ አድባራቷ በምትታወቀው ጎንደር ግን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ማብሰል ከቃሉ በፊት የነበረ ሙያ ነው። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ፍልሰታና ሌሎቹ ሲደመሩ ጠንካራ ጿሚ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋና ከወተት ይርቃል። የግማሽ ዓመት ምግብ ደግሞ እንደነገሩ አይሠራም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማጀት ገባን። እትዬ የሽምብራውን ዱቄት በጨው፣ በትንሽ በርበሬና በዘይት ጠንከር አድርገው አቦኩት። ዳመጡት። በቢላ ጭራና ክንፍ እያወጡ ዓሳ አስመስለው ቆረጡትና በዘይት ጠበሱት። ጣና ቅርብ ነው፤ ይህ ዓሳ ግን ጣናን አይቶ አያውቅም።

«ሽንኩርቱን አንቺ ያዢ» አሏት እማዬን።

እማዬ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት ጀመረች። እሳቱን ቀንሳ፣ ውኃ ጠብ እያደረገች፣ ሳትቸኩል። ዘይቱን፣ በርበሬውን፣ ከዚያ ቅመሙን አስከተለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከኋላዋ ሆኜ ሳያት አንድ ነገር ገባኝ፤ እጇ የሚሠራው ዶሮ ወጥ ነበር። ቁሌቱ ያው ነው፤ ድካሙ ያው ነው፤ የጎደለው ቅቤው፣ ዶሮውና እንቁላሉ ነው። በማማሰያው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። የራሷን ወጥ ከቀመሰች ዓመት ሊሞላት ነበር።

«ይኼማ የጾም ዶሮ ወጥ ነው!» አልኩ በደስታ።

እትዬ አልተስማሙም። «ተይ! ዶሮ ብለሽ ካቀረብሽው ሰው የሚፈልግብሽ ዶሮውን ነው። ዓሳ ያልነው መልኩን ነው፤ ጣዕሙ ሽምብራ ነው፤ አናፍርበትም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደግሞ ጾም ምላስ ማባበያ አይደለም። እንግዳ ስለመጣ ነው» ብለው ጨመሩ።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። «የእገሌ ምትክ» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁልጊዜ ሁለተኛ እንደሚሆን አውቃለሁ። ለእናቴ ግን ዓመቱን ሙሉ ምትክ ሳቀርብላት ነው የከረምኩት። በርገሩ የተጣለው ሥጋ ስለሌለው ሳይሆን ሥጋ ነኝ ስላለ ነበር።

ቤት ውስጥ ለመሞከር ለምትፈልጉ እትዬ ሁለት ነገር አደራ ብለዋል። ሊጡ ከላላ ወጡ ውስጥ ይፈርሳል። ዓሳው የሚገባው ወጡ ሲያበቃ፣ እሳቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ከገባ በኋላ ድስቱን ወዝወዝ ማድረግ እንጂ ማማሰል የለም። ሐኪሙ ዘይቱንም በልክ ስላሉ እማዬ አሁን ዓሳውን ምጣድ ላይ ነው የምታበስለው፤ ትንሽ ይደርቃል፤ ወጡ ውስጥ ግን ይለሰልሳል።

ለፋሲካ ሁለት ድስት ተጣደ። አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ዓሳ። እማዬ ጓዳ አልገባችም፤ ከእኛው ጋር መሶቡን ከብባ ተቀመጠች። የስድስት ዓመቱ ልጄ ከፊቷ ያለውን አንዱን ዓሳ ጭራውን ይዞ አነሣና ገለባበጠው።

«አያቴ፣ ይኼን ከየት አጠመድሽው?»

«ከደምቢያ ማሳ» አለችው፤ አጎረሰችውም።