አደራ፣ ደረሰኝና ማፈኛ

በዚህ ገጽ ስለ አፈና ብዙ ጽፌያለሁ። ስለዚህ ጸሐፊው ሰሞኑን ገንዘቡን ቆጥሮ ማፈኛ ሊገዛ መነሣቱን የሰማ አንባቢ ቢታዘበኝ አልፈርድበትም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

የምኖረው በቴክሳስ፣ በዳላስ አቅራቢያ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ቤተሰቡ እርሻ እየወሰደኝ የዱር አሳማ ማደን ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የዱር አሳማ ለቴክሳስ ገበሬ ግሪሳ ወፍ ለእኛ ገበሬ እንደ ሆነው ያለ ጠላት ነው፤ በአንድ ሌሊት ማሳ ገልብጦ ያድራል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የባለ መሬቱን ፈቃድ ያገኘ ሰው በግል ይዞታ ላይ ያለ አደን ፈቃድ እንዲገድለው የግዛቱ ሕግ ፈቅዷል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ «የማይበላ ሥጋ ለመግደል ይህን ሁሉ መንገድ!» እያሉ ይገረማሉ።

ባለፈው ዓመት ግራ ጆሮዬ ያለ ማቋረጥ ይጮኽ ጀመር። ሐኪሙ ነገሩን አላስረዘመውም። የጠመንጃ ተኩስ 140 ዴሲቤል ከሚባለው የአደጋ ወሰን እንደሚያልፍ፣ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሞቱ ሕዋሳትም ተመልሰው እንደማይበቅሉ ነግሮ አሰናበተኝ። ባልደረባዬ በበኩሉ ማፈኛ ግዛ አለኝ። ማፈኛ፣ ሳይለንሰር የሚሉት፣ ከአፈሙዝ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ ቱቦ ነው። በፊልም እንደምናየው ተኩስን ወደ ሹክሹክታ አይለውጥም፤ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል እንጂ። ለአንድ ጆሮ ግን ይህ ትንሽ አይደለም።

በአሜሪካ ሕግ ይህ ብቻውን አንዲት ጥይት መተኮስ የማይችል ቱቦ ራሱ የጦር መሣሪያ ነው። ሕጉ በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ነው፤ መጠጥ ተከልክሎ በነበረባቸው ዓመታት የወሮበላ ቡድኖች ከተሞችን በመትረየስ ካሸበሩ በኋላ የተደነገገ ነው። መትረየስን፣ አፈሙዛቸው ያጠረ ጠመንጃዎችን፣ ማፈኛንና የመሳሰሉትን ጨርሶ አልከለከለም። 200 ዶላር ቀረጥ ጣለባቸው፤ በፌዴራል መዝገብ እንዲሰፍሩም አዘዘ። በዚያ ዘመን 200 ዶላር ድሃን ከበር የሚመልስ ገንዘብ ነበር። ቀረጡ ዘጠና ዓመት ሳይለወጥ ቆይቶ፣ በጁላይ 2025 የተፈረመ ሕግ በማፈኛና አፈሙዛቸው ባጠረ ጠመንጃዎች ላይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ደነገገ። ምዝገባው፣ አሻራው፣ ፎቶግራፉና የማንነት ምርመራው ግን አልተነሣም። ሳያስመዘግብ ይዞ የተገኘ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

ለምዝገባው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በራስ ስም ነው። ሁለተኛው «ትረስት» በሚባል ሕጋዊ ሰነድ ስም ነው፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው አደራ። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሲወጣ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ስለ አደራ ደንግጎ ነበር።

ያማከርኩት ጠበቃ የአደራውን ጥቅም በደንብ አስረዳኝ። በግል ስም የተመዘገበን ማፈኛ ባለ ስሙ በሌለበት ሌላ ሰው መያዝ አይችልም፤ ሚስት እንኳ ብትሆን። የካዝናውን ቁጥር ማወቋ ብቻ እንደ መያዝ ሊቆጠርባት ይችላል። በአደራ ስም ከተመዘገበ ግን በሰነዱ የተሾሙት ባለ አደራዎች ሁሉ ሊይዙት ይችላሉ። ሰነዱን ያቋቋመው ሰው ሲሞትም ንብረቱ ለማን እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ተጽፏል።

እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥቅም ነበረው። በግል ስሙ የሚያመለክት ሰው የአካባቢውን የፖሊስ አዛዥ ፊርማ ማምጣት ነበረበት፤ አንፈርምም የሚሉ አዛዦችም ነበሩ። አደራ ግን ሥጋ ለባሽ ስላልሆነ ፊርማም አሻራም አይጠየቅም ነበር። እንግዲህ ምፀቱን ተመልከቱ፤ መተማመን የሚል ስም የተሸከመው ሰነድ እንዲያ የተስፋፋው ዜጋውና ሹሙ ስላልተማመኑ ነው። ከጁላይ 13 ቀን 2016 ጀምሮ የፖሊሱ ፊርማ ቀርቶ ለእርሱ ማሳወቅ ብቻ በቂ ሆነ። በአደራው ሥልጣን ያለው እያንዳንዱ ሰው ደግሞ «ኃላፊ ሰው» ተብሎ አሻራውንና ፎቶግራፉን እንዲሰጥ ተደነገገ።

«ኃላፊ ሰው» የምትለውን ሐረግ ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ነበሩ። አባታቸው በጠላት ወረራ ዘመን የያዙትን ምንሽር ወርሰው፣ ከቀብርና ከሠርግ በቀር ሳይተኩሱበት ኖሩ። በ1984 ዓ.ም.፣ እኔ የ10 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ መሣሪያ ያለው ሁሉ አምጥቶ ያስመዝግብ፣ ተመዝግቦም ይመለስለታል ተባለ። ጎረቤቶቻቸው ቅበረው ብለዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን ምንሽሩን ወልውለው፣ እኔን አስከትለው ሄዱ። ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ተሰጣቸው። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ የተቀበላቸው ሰው ተዛውሯል፤ በዓመቱ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ቦታ ለወጠ፤ መዝገቡም የት እንደ ገባ የሚያውቅ ጠፋ። ደረሰኙ ላይ ማኅተም እንጂ የሰው ስም አልነበረም። አያቴ ያንን ወረቀት በዳዊታቸው ውስጥ አኖሩት፤ ሲሞቱም እዚያው አገኘነው። «መውሰዱንስ ይውሰዱት፤ ወሳጁን ባውቀው ኖሮ ግን አንድ ቀን እጠይቀው ነበር» ይሉ ነበር።

ወደ ዳላስ ልመለስ። አደራውን ላቋቁም ወስኜ ባለ አደራዎቹን ለመምረጥ በተቀመጥኩ ጊዜ ችግሩ ተገለጠልኝ። በቤታችን አምስት ነን። ባለቤቴ ባለ አደራ እንድትሆን ብጠይቃት፣ «ለማልነካው ዕቃ አሻራ አልሰጥም፤ የካዝናውንም ቁጥር እንዳትነግረኝ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሟ በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ነው። በጠባብ ከተቀመጡ ልዩ ሁኔታዎች በቀር የፌዴራሉ ሕግ እንደ እርሱ ያለውን ሰው መሣሪያ ከመያዝ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ በሰነዱ መግባት ቀርቶ ቁልፉ የሚቀመጥበትን ቦታ እንኳ ባያውቅ ይሻለዋል። በእንግድነት የሚኖር ሰው በእኔ ቸልተኝነት ከአገር ሊባረር መቻሉን ሳስብ እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ልጄ ገና 16 ዓመቱ ነው።

አምስተኛዋ አማቴ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ የአባታቸውን ሽጉጥ በሌሊት ሽንት ቤት ጉድጓድ የጣሉ ሴት ናቸው። ጉዳዩን ባጫወትኳቸው ጊዜ ስለ አደራውም ስለ ቀረጡም አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ስምህን መንግሥት መዝገብ ላይ ካሰፈርክ በኋላ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸውን ቀላል አድርጌ አላየሁትም። መዝገብን የሚፈሩ አሜሪካውያን ብዙ ናቸው፤ ቀረጡ ከተነሣ ምዝገባው በምን ሥልጣን ይቀጥላል በማለት በ2025 ፍርድ ቤት የሄዱም አሉ። እነርሱ የሚፈሩት ሊመጣ ይችላል የሚሉትን ነው፤ አማቴና አያቴ ግን የመጣባቸውን ያውቁታል። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። በወጣበት ዓመት፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። ከዚያ ወዲህም ትጥቅ ይፈታ በተባለ ቁጥር ገበሬው የሚያነሣው ጥያቄ የአያቴ ጥያቄ ነው፦ ተቀባዩ ማን ነው? ነገ ብጠይቀው የት አገኘዋለሁ? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ትጥቅ ፍታ ማለት ሰውየውን ጉድጓድ ቆፍር ማለት ነው።

በእርግጥ እዚህም ሹሙ መልአክ አይደለም። ልዩነቱ የመዝገቡ መረጃ እንደ ግብር ሰነድ በሕግ የተጠበቀ ምሥጢር መሆኑና፣ ሹሙ ቢበድለኝ የምከሰው ስም ያለው መሥሪያ ቤትና የሚሰማኝ ዳኛ መኖሩ ነው። ስለዚህ ከእኔም በኩል ስም መኖር አለበት አልኩ።

አንባቢዎቼ አደራው መጥፎ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሕግ የሚፈቅድላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች አብረው የሚያድኑበት ቤት ከሆነ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም፤ ባልደረባዬና ሚስቱ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። የአደራው ዋና ጥቅም ዕቃውን የሚይዙ እጆችን ማብዛቱ ነው። በእኔ ቤት ግን ሊበዛ የሚገባው እጅ የለም፤ አንዷ እምቢ ብላለች፣ አንዱ ተከልክሏል፣ አንዱ ልጅ ነው። ብቸኛው ባለ አደራ እኔው ከሆንኩ፣ በወረቀት ስም ተከልዬ የምመዘገበው ከማን ልሸሸግ ነው? የውርሱ ነገርም ያለ አደራ አይጨነቅም። የሞተ ሰው ማፈኛ ሕጋዊ ለሆነ ወራሹ፣ በፎርም 5 ተጠይቆ፣ ያለ ቀረጥ ይተላለፋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው በደንብ የተጻፈ ኑዛዜ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ አሻራዬን ሰጥቼ በገዛ ስሜ አመለከትኩ። የካዝናውን ቁጥር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ኑዛዜዬ ላይ ዕቃው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚረከበውና ልጄ ዕድሜውና ሕጉ ሲፈቅድለት ብቻ እንዲቀበለው ጻፍኩ። ልጄ ካልፈለገው ደግሞ ያስረክበው፤ የተረከበውን ሰው ስም ግን ሳያጽፍ እንዳይመለስ አደራ ብያለሁ።

ለአማቴ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ጆሮዬ ስለሚጮኽ ለጊዜው እንቅልፍ የለኝም፤ መዝገቡ ግን አያስፈራኝም። እርሳቸው አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም።

ቸር ይግጠመን።