በ«ጠብቂ» ያለፉ ዓመታት

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ቆይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር።» ይህች ማጽናኛ የስንቱን ልጅ ዕድል እንደበላች ሳስብ አንጀቴ ያርራል።

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት አንድም ቃል አልነበረውም። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ ቆርኪ ሲደረድር ይውላል። ሐኪሙም «ጠብቂ» አላት። ጠበቀች። ኦቲዝም የሚለውን የሰማችው ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ትምህርት ቤት አልቀበልም ብሎ ሲመልሰው ነው።

የሚያንገበግበኝ መላው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ነገር አስጨንቋቸው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም እዚሁ ከተማ ተሞክሯል። ውድ መጫወቻ አይጠይቅም፤ የጓዳ ዕቃ ይበቃል።

መሬት ላይ ከልጁ ፊት ለፊት መቀመጥ ነው። ቆርኪውን አይቀሙትም፤ የራስን ቆርኪ ይዞ አብሮ መደርደር፣ «ቆርኪ» ማለት። እሱ «ቆርኪ» ካለ «ቀይ ቆርኪ» ብሎ አንዲት ቃል ብቻ መጨመር። ኳስ ሊያንከባልሉለት ሲሉ «አንድ፣ ሁለት…» ብሎ ዝም ማለት፤ መጠበቅ። ልጁ ቀና ብሎ ያያል፣ እጁን ይዘረጋል፤ ድምፅም ያወጣ ይሆናል። ያኔ ወዲያውኑ ኳሷን መልቀቅ! በየቤቱ የሚደረገው ግን ሌላ ነው፤ እንግዳ ፊት አቁሞ «እስቲ እማዬ በል፣ በላ!» እያሉ ማስጨነቅ። በምልክትና በሥዕል መግባባት ከለመደ ለመናገር ይሰንፋል የሚሉም አሉ፤ አይሰንፍም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በአራት ዓመታቸው ንግግራቸው ክፉኛ የዘገየባቸውን 535 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ተመልክቶ፣ 70 በመቶው ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆናቸው ቢያንስ ቃላት አገጣጥመው መናገር እንደቻሉ አግኝቷል። በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ለእህቴ ግን እነዚያን አራት ዓመታት የሚመልስላት የለም። ልጁ ዛሬ «ውኃ ስጪኝ» ይላል፤ እሷ ደስ ብሏት ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ይህን በሦስት ዓመቱ ይለው ነበር ይሆን እያልኩ እበግናለሁ።

እባካችሁ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ያልወጣው ልጅ ያላችሁ፣ «ይናገራል» የሚላችሁን አትስሙ። አስመርምሩት፤ የምርመራው ወረፋ እስኪደርስም ዛሬውኑ መሬት ላይ አብራችሁት ተቀመጡ።